ጭስን ያመሰገነች ከተማ

በጃፓን ደቡብ ምዕራብ፣ በክዩሹ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዶካይ የሚባል ጠባብና ረጅም የባሕር ወሽመጥ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከዳርቻው ያሃታ የምትባል መንደር ነበረች፤ ሰዎቿ እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1901 የጃፓን መንግሥት ትልቁን የብረት ፋብሪካውን እዚያ ሥራ አስጀመረ። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። የቺኩሆ የድንጋይ ከሰል ቅርብ ነው፤ የብረት ማዕድኑ ከቻይና በመርከብ ይመጣል፤ ከገንዘቡም ከፊሉ ቻይና በ1895 በጃፓን ተሸንፋ የከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው። የማቅለጫው ንድፍ የጀርመን ነበር። ምድጃው ከጃፓን ከሰል ጋር አልስማማ ብሎ በ1902 ሲቆም፣ ጃፓናውያን መሐንዲሶች ራሳቸው አስተካክለው በ1904 ዳግም አነደዱት።

ፋብሪካው ሰው ጠራ። ጃፓን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የሕዝብ ቆጠራ ባካሄደችበት በ1920 የሕዝቧ ብዛት 56 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1967 ከ100 ሚሊዮን አለፈ። ከአባቱ መሬት የማይደርሰው የገበሬ ልጅ ጓዙን ይዞ የሚሄደው እንደ ያሃታ ወዳሉ ቦታዎች ነበር። መንደሪቱ በ1917 ከተማ ተባለች። በወሽመጡ ዙሪያ የኬሚካል፣ የሲሚንቶና የመስታወት ፋብሪካዎች ተደረደሩ፤ ሁሉም ጭሳቸውን ወደ ላይ፣ ፍሳሻቸውን ወደ ባሕሩ ለቀቁ።

ያን ጊዜ ጭስ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። የከተማዋ መዝሙር ሰማዩን የሞላውን ጭስ በኩራት ያነሳ ነበር፤ ሕዝቡም በየጭስ ማውጫው የተለያየ መልክ ይዞ የሚወጣውን «ባለ ሰባት ቀለም ጭስ» እያለ የብልጽግና ምልክት አድርጎ ይጠራው ነበር። ይህን ለመረዳት አልቸገርም። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር የሰፈሩ እናቶች ለልጆቻቸው ሥራ እንደሚገኝ ተስፋ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ደመወዝ የሚገባበት ቤት ጭሱን አይራገምም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዚህ ብዙውን አመድ አደረገው። ያሃታ በ1944ና በ1945 በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደበደበች። ጎረቤቷ ኮኩራ ደግሞ የሁለተኛው አቶሚክ ቦምብ የመጀመሪያ ዒላማ ነበረች፤ በዚያ ጠዋት ሰማይዋ ስለተሸፈነ አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ከጦርነቱ በኋላ ምድጃዎቹ እንደገና ነደዱ፤ አገሪቱም በ1960 ገቢን በእጥፍ የማሳደግ ዕቅድ አወጀች። በ1963 ሞጂ፣ ኮኩራ፣ ቶባታ፣ ያሃታና ዋካማትሱ ተዋሕደው ኪታክዩሹ የምትባለው፣ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ተመሠረተች።

ዕድገቱ ያስከፈለው ዋጋ በቁጥር ተመዝግቧል። በ1965 በሺሮያማ ሰፈር በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 108 ቶን ብናኝ ወረደ። በ1966 የዶካይ ውኃ ሲመረመር የሟሟ ኦክስጅን መጠኑ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ሰዎች «የሞት ባሕር» አሉት። በ1969 በጃፓን የመጀመሪያው የጭጋግ ጭስ ማስጠንቀቂያ የተነገረው በዚችው ከተማ ነው።

ታሪኩን የቀየሩት ሴቶች ናቸው። በቶባታ የሚኖሩ የቤት እመቤቶች በ1950 አካባቢ፣ ያሰጡት ልብስ ጠቁሮ ሲገባ ለምን ብለው ጠየቁ። አንሶላና ሸሚዝ በተለያየ ቦታ አሰጥተው አነጻጸሩ፤ የወረደውን ጥላሸት ሰበሰቡ፤ ማስረጃውን ይዘው ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዱ። በአቅራቢያቸው ያለው የኃይል ማመንጫም የአቧራ ማጥመጃ ለመትከል ተገደደ። በ1960ዎቹ ሌሎች የሰፈር ሴቶች ማኅበራት ሥራውን አሳደጉት። ከምሁራን ተማሩ፤ በአየሩ ውስጥ ያለውን የሰልፈር ጋዝ ከተማሪዎች የቀሪ መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ በ1965 «ሰማያዊ ሰማይ እንፈልጋለን» የሚል ፊልም ራሳቸው ሠሩ።

ይህን ፊልም በከተማዋ የአካባቢ ሙዚየም ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ከልዩ ልዩ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ከሁሉም በላይ የነካኝ የእነዚያ ሴቶች አቋም ነው። ብዙዎቹ ባሎቻቸው የእነዚያው ፋብሪካዎች ሠራተኞች ነበሩ። ሲናገሩ በእንጀራቸው ላይ እየፈረዱ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ይዘጋ አላሉም፤ ይጽዳ አሉ። ክሳቸውንም በስሜት ብቻ ሳይተዉት በልኬት አስደገፉት፤ ልኬትን ደግሞ ሥራ አስኪያጅም ሆነ ሹም በቀላሉ ሊያስተባብለው አይችልም።

ጊዜውም አገዛቸው። በሚናማታ የሜርኩሪ፣ በቶያማ የካድሚየም መመረዝ፣ በዮካይቺ ደግሞ አስም አገሩን አስደንግጦ ነበር። በ1967 የብክለት መከላከያ መሠረታዊ ሕግ ወጣ፤ በ1970 ፓርላማው በአንድ ጉባኤ 14 ሕጎችን አጸደቀ። ኪታክዩሹ ከፋብሪካዎቿ ጋር የብክለት መከላከል ስምምነት ተፈራረመች። ከ1974 ጀምሮ ከዶካይ ሥር 350 ሺህ ሜትር ኩብ መርዛማ ዝቃጭ ተዛቀ፤ አብዛኛውን ወጪ የሸፈኑት ያቆሸሹት ፋብሪካዎች ናቸው። ፋብሪካዎቹም ነዳጅ ሲቀይሩና ኃይል ሲቆጥቡ፣ ጭሱ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ወጪያቸውም እንደሚቀንስ ተገነዘቡ። ዓሣው ወደ ወሽመጡ ተመለሰ፤ በ1990 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ከተማዋን ሸለመ።

የሕዝቡ ነገር ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የብረት ምርቱ በቶኪዮ አጠገብ ወደ ተሠራው አዲሱ የኪሚትሱ ፋብሪካ ማዘንበል ጀመረ፤ ብዙ ሠራተኞችም ቤተሰባቸውን ይዘው ተከተሉት። የቺኩሆ የከሰል ጉድጓዶች ተዘጉ። ያሃታ ውስጥ የ1901ዱ ምድጃ በተተከለበት ቦታ የነበረው እሳት በ1972 ጠፋ። የኪታክዩሹ ሕዝብ በ1979 ከ1 ሚሊዮን 60 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 940 ሺህ ገደማ ሆኗል። የመላ ጃፓን ሕዝብም ከ2008 ወዲህ እየቀነሰ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ልጆቹ አነሱ። በያሃታ ተዳፋት ላይ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ደረጃ ሲወጡ፣ ከጎናቸው የተዘጉ ቤቶችን አይቻለሁ። የወጣት ጉልበት የበዛበት ዘመን የሁለት ትውልድ ዕድሜ ያህል እንኳ አልቆየም፤ ያ ጉልበት ካተረፈው ሀብትም ከፊሉ ቆይቶ ባሕር ለማጽዳትና በሽተኛ ለማስታመም ወጣ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከጃፓን ለመማር የተነሳነው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ስለ እርሷ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል፤ በቅርብ ደግሞ ካይዘን የተባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወስደናል። የተማርነው ግን በአብዛኛው የምርቱን ምዕራፍ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የቆዳ ፋብሪካውንና የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ በዚያው ውኃ የለማ ጎመንና ሰላጣ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። «መጀመሪያ እንደግ፣ ማጽዳቱ ይደርሳል» የሚሉ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ጃፓንን ምሳሌ ሲያደርጉ እሰማለሁ። ጃፓን ምስክርነቷን የምትሰጠው በተቃራኒው ነው፤ ኋላ የመጣው ጽዳት ዓሣውን መለሰ እንጂ በሚናማታ የሞቱትን አልመለሰም።

ሕዝባችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኛውም ወጣት ነው። ፋብሪካ ያስፈልገናል፤ የብክለቱ ጥያቄ ግን ፋብሪካው የሚከፈትበትን ቀን መጠበቅ የለበትም። በየኢንዱስትሪ ሰፈሩ የሚኖር ሰው የውኃውንና የአየሩን ልኬት ይጠይቅ፤ የጤና ባለሙያው ይለካ፤ የተለካውም በአደባባይ ይነበብ። የቶባታ ሴቶች ለመጀመር ያስፈለጋቸው የታጠበ አንሶላና መዝገብ የሚይዝ ሰው ነበር፤ ሁለቱም በእጃችን አሉ።