የእንግሊዝኛ መደበኛ ደብዳቤ ትምህርት በኢትዮጵያ፦ ታሪኩና ለወናጎ ተማሪ ያለው ፋይዳ

መግቢያ

ወናጎ በጌዴኦ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በዲላና በይርጋ ጨፌ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢዋ በእንሰትና በቡና የተሸፈነ፣ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። የወናጎ ልጅ በቤቱ ጌዴኡፋ ይናገራል፤ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ማቅረብ ሲያስፈልገው ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ይጽፋል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይከታተላል። የወላጆቹ ቡና በውጭ ገበያ የሚሸጠው፣ ከውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚጠየቀው፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር ጉዳይ የሚፈጸመው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት ስለዚህ ደብዳቤ ከሚሰጠው ትምህርት ይበልጡ የሚያተኩረው በቅርጹ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ቅርጹ ዓላማውን እንዴት ሊሸፍነው እንደ ቻለ በታሪክ መንገድ ለመመርመርና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ለማቅረብ ይሞክራል።

1. የኢትዮጵያ የደብዳቤ ልማድ

በኢትዮጵያ መደበኛ ደብዳቤ መጻፍ እንግሊዝኛ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሙያ ነው። የነገሥታቱ ደብዳቤዎች በራስጌያቸው ማኅተም ያረፈባቸው፣ «ይድረስ» ብለው የሚነሡ፣ የላኪንና የተቀባይን ማዕረግ ለይተው የሚያስታውቁና ሰላምታ የሚያስቀድሙ ነበሩ። የኋላ ዘመን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም የራሱን ሥርዓት አበጅቷል፤ ቁጥርና ቀን ይሰፍርበታል፤ «ጉዳዩ» ተብሎ አርእስቱ ይጻፋል፤ ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ፤ ከፊርማው ጋር ማኅተም ካላረፈበትም እንደ ሕጋዊ ሰነድ አይቆጠርም።

የግለሰብ ማመልከቻ ደግሞ የታወቀ አካሄድ አለው። አመልካቹ መጀመሪያ ማንነቱን ይገልጻል፤ ቀጥሎ የደረሰበትን ከሥር ከመሠረቱ ይተርካል፤ በመጨረሻም «ስለዚህ» ብሎ የሚፈልገውን በትሕትና ይጠይቃል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ጥያቄ ማቅረብ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር የጉዳዩ ቁም ነገር የሚገኘው በግርጌ ነው። በእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ልማድ ግን አንባቢው የተጻፈበትን ምክንያት በመጀመሪያው አንቀጽ ለማግኘት ይጠብቃል፤ ዝርዝሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ልማዶች በየቤታቸው ትክክል ናቸው። ችግር የሚፈጠረው የአንዱ አካሄድ ሳይታወቅ ወደ ሌላው ሲገባ ነው።

2. መልሱ የዘገየው ደብዳቤ

ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተደረጉት የደብዳቤ ግንኙነቶች ሁሉ በውጤቱ እጅግ የሚታወሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የአማርኛ ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅነታቸውን ገለጹ፤ ቱርኮች መንገድ እንደ ዘጉባቸው አስረዱ፤ ለመላክ ላሰቧቸው መልእክተኞችም በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው በቆንስል ካሜሮን አማካይነት ተልኮ በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። በዚያ የሚገኘው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን መልስ ሳይሰጠው ከአንድ ዓመት በላይ አቆየው። ዐፄ ቴዎድሮስም ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩ። መልሱ በግንቦት 1856 ዓ.ም. ተጽፎ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ከንጉሡ ዘንድ የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ፍጻሜው የሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ሆነ።

ለዚህ ጥፋት ደብዳቤው በደንብ አልተጻፈም ተብሎ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ጥፋቱ በዋናነት የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ቸልተኝነትና የዘመኑ ፖለቲካ ነው። ሆኖም ታሪኩ ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት አለ። ደብዳቤ ከላኪው እጅ ሲወጣ ጉዳዩ አላለቀም፤ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ፣ እስከ መቼ መልስ እንደሚጠበቅና መልስ ከዘገየ በምን መንገድ እንደሚታወስ አብሮ መታሰብ አለበት።

3. እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ

ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን ይህን ስፍራ እንግሊዝኛ ወሰደ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተም ጀመር። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለባንክና ለንግድ ድርጅቶች ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባን መቀመጫው ሲያደርግ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሠራተኛ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ የሙያ ትምህርት ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሠልጣኙ የሚጽፈው በማግስቱ በሥራ ላይ የሚያጋጥመውን ነበርና። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ ቀጠለ። ትምህርት ወደ አውራጃዎች ሲስፋፋ የደብዳቤው ቅርጽ አብሮ ተስፋፋ፤ ደብዳቤው የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት ግን ለአብዛኛው ተማሪ ሩቅ ነበር።

4. ቅርጹና የወናጎ ተማሪ

የተለመደው ትምህርት የላኪው አድራሻ በቀኝ ራስጌ፣ የተቀባዩ በግራ እንደሚጻፍ፣ «ዲር ሰር» ተብሎ የተጀመረ በ«ዩርስ ፌዝፉሊ»፣ የተቀባዩ ስም ተጠርቶ የተጀመረ በ«ዩርስ ሲንሲርሊ» እንደሚዘጋ ያስረዳል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለወናጎ ተማሪ ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል።

አንደኛው የአድራሻ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ አገር ምሳሌ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ግን ፖስታ የሚታደለው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለ ሆነ ተማሪው የትምህርት ቤቱን ሣጥን መጠቀም ሊኖርበት ይችላል። ሁለተኛው ቀን ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ሳይለውጥ የጻፈ አመልካች በተቀባዩ ዘንድ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሦስተኛው ስም ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ባለመሆኑ በአንድ ሰነድ በራሱ፣ በሌላው በአባቱ ስም የተመዘገበ ሰው ማስረጃዎቹ የሁለት ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። አራተኛው በቀደመው ክፍል የተገለጸው የሐሳብ ቅደም ተከተል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዓላማ የአጻጻፉን ሁኔታ ይወስናል። የሥራ ማመልከቻ የተጠየቀውን ችሎታ ከማስረጃ ጋር ያገናኛል። የመረጃ መጠየቂያ ያጥራል፤ አንባቢው በቀላሉ እንዲመልስም ጥያቄዎቹን ለይቶ ያስቀምጣል። የቅሬታ ደብዳቤ የውሉን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የጎደለውን መጠንና የሚፈለገውን መፍትሔ ይናገራል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚመሰክረው ጸሐፊው ባየው ነገር ነው። ተማሪው የማመልከቻን ትሕትና ወደ ቅሬታ ይዞ ከሄደ መብቱን እንደ ልመና ያቀርባል፤ የቅሬታን ኃይለ ቃል ወደ ማመልከቻ ቢያስገባም ጉዳዩን ያበላሻል።

5. ከጌዴኦ ምድር የተነሡ ሁለት ጉዳዮች

የመጀመሪያው የይርጋ ጨፌ ስም ነው። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋ ጨፌ በ1998 ዓ.ም. ተመዘገበ። በሁለቱ ስሞች ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም። የኢትዮጵያ ወገን በጽሑፍ ማስረጃ ተከራከረ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረው አለመግባባትም በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ተፈታ፤ በኋላም ሁለቱ ስሞች ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ በነበረው የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት የተቃውሞ ደብዳቤ የደረሰው አመልካች በስድስት ወር ውስጥ ካልመለሰ ማመልከቻው እንደ ተተወ ይቆጠር ነበር። በይርጋ ጨፌም ሆነ በወናጎ ቡና ለቀማ ላይ የዋለ ገበሬ የምርቱ ስም የማን ነው የሚለው ክርክር የተካሄደው እንዲህ ባለ፣ ቀን በተቆረጠለት የእንግሊዝኛ የጽሑፍ ልውውጥ ነበር።

ሁለተኛው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች ተሰባጥረው የሚለሙበት፣ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች የሚገኙበት ይህ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዓለም ቅርስ የምዝገባ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። ሽማግሌዎች በጌዴኡፋ የሚያውቁት የመሬት አያያዝ ጥበብ ዕውቅና ያገኘው ባዕዳን ገምጋሚዎች በሚረዱት ቋንቋና ሥርዓት ተጽፎ ስለ ቀረበ ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመረዳት እንደሚቻለው መደበኛ ደብዳቤ በተማሪውና ከአካባቢው ውጭ ባለው ኃይል መካከል የተዘረጋ ድልድይ ነው። ስለሆነም የሚከተሉት ቢታሰብባቸው ይጠቅማል።

ሀ. ትምህርቱ ከተማሪው ቋንቋ ቢጀምር መልካም ነው። ጌዴኡፋ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካገለገሉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። አንድን ጉዳይ በጌዴኡፋ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፈ ተማሪ የሐሳቡ ቅደም ተከተል የት እንደሚለወጥ ራሱ ያያል።

ለ. ልምምዱ በዓላማ ቢከፋፈል፣ ለእያንዳንዱም እውነተኛ ተቀባይ ቢታሰብ ይመረጣል። አንዱ ተማሪ ጽፎ ሌላው እንደ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሆኖ ቢመልስለት የጎደለው ወዲያው ይታወቃል።

ሐ. ቀን መለወጥ፣ ስምን በአንድ ዓይነት መጻፍ፣ ቅጂ ማስቀረትና የመልስ ቀን መከታተል የትምህርቱ ክፍል መሆን አለባቸው። ደብዳቤው በወረቀትም ሆነ በኢሜይል ቢላክ እነዚህ አይቀሩም።

መ. ብሔራዊው ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች የሚሰጥ እስከ ሆነ ድረስ የማይፈተነው ጽሕፈት በክፍል ውስጥም ቸል መባሉ አይቀርም። ዕቅድ አውጪዎች በትምህርት ቤት ደረጃ ለሚሰጠው የጽሑፍ ሥራ ተገቢውን ነጥብ ቢመድቡ ጉድለቱን ለማቃለል ይረዳል።

እነዚህ ከተሟሉ የወናጎ ተማሪ ደብዳቤውን ለፈተና ብቻ ከማጥናት አልፎ የራሱንና የወላጆቹን ጉዳይ በራሱ ብዕር ለማስፈጸም ይበቃል።