የማያገለግል የውጭ በርን በብሎኬት መድፈን

ለሱቅ ታስቦ ወደ መንገድ የወጣ፣ ቤቱ መኖሪያ ሲሆን ግን ተቆልፎ የቀረ በር በከተሞቻችን እንግዳ አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሽመል ቤት ላይ ክፍተቱን በሽመል ጠልፎ በጭቃ መምረግ ይበቃል። የብሎኬት ቤት በር ግን በአሶሳ ሁለት ጠላቶች አሉበት፤ ረጅሙ የክረምት ዝናብና ምስጥ።

አስቀድሞ ቤቱ ሌላ መውጫ እንዳለው ይታይ። እሳት ቢነሳ ብቸኛው አማራጭ ይህ በር ከሆነ መደፈን የለበትም። ከተማው ሞቃት በመሆኑ ክፍሉ አየር የሚያገኝበት መስኮት ያስፈልገዋል። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው መቃኑን ሙሉ በሙሉ በማውጣት ነው። ግንቡ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር እንጨት የምስጥ ቀለብ ይሆናል። ጉበኑ ግን አይነካም፤ ከበላዩ ያለውን ግንብ የተሸከመው እሱ ነው። ደፉ ላይ ያለው ልስን ወይም ሴራሚክ ተፈንቅሎ አርማታው ከተገኘ በኋላ ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር የእርጥበት መከላከያ ይነጠፋል።

እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ብዙ ቤቶች መሀሉ ክፍት የሆነ ባለ ሁለት ረድፍ ግድግዳ ስላላቸው የውጪው ቢርስም ውስጡ ይተርፋል። የእኛ ባለ አንድ ረድፍ ብሎኬት ይህ መከላከያ ስለሌለው ዋናው ጉዳይ መጋጠሚያው ነው። ከነባሩ ግድግዳ አንድ ረድፍ እየተዘለለ ግማሽ ብሎኬት ወጥቶ አዲሱ በቦታው ይጠለፋል። አለበለዚያ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ውኃም በዚያ ይገባል። የብሎኬቱ ውፍረት ከነባሩ ጋር አንድ መሆን አለበት።

90 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 1.89 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ 12.5 ብሎኬት ሲሰላ 24 ያህል ይሆናል፤ ለሚሰበረውና ለሚጠለፈው ጨምሮ 30 መግዛት ይበጃል። ለማያያዣው አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት ወይም በአራት እጅ አሸዋ ይቦካል። ከጉበኑ ሥር የሚቀረው ክፍተት በማግስቱ ጠጠር ባለ ቡኮ ተጠቅጥቆ ይሞላል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ለሥራው ይመቻል፤ ሆኖም ግንቡ ለሰባት ቀን ያህል ውኃ ሊጠጣ ይገባል። ልስኑ ሲመታ መጋጠሚያው ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረጋል። በመጨረሻም የድሮው ደረጃ ይፍረስ፤ መሬቱም ውኃን ከግድግዳው የሚያርቅ ተዳፋት ይኑረው። ይህ ከተዘነጋ ጥሩ ግንበኛ የሠራው ግድግዳም ቢሆን ክረምት ሲገባ ከሥሩ መርጠቡ አይቀርም።