የአድሬናል ዕጢና አለርጂ፦ አንድ ዕጢ ያስገኛቸው ሁለት መድኃኒቶች ታሪክ

በኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ ተደፍተው የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ለብዙ ዘመን ጥቅማቸው ሳይታወቅ ኖሯል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ዕጢዎቹ የታመሙባቸው ሰዎች እየደከሙና ቆዳቸው እየጠቆረ ለሞት እንደሚዳረጉ ከገለጸ በኋላ ግን የተመራማሪዎች ዐይን ወደ እነርሱ ዞረ።

በ1894 ኦሊቨርና ሼፈር የዕጢው ጭማቂ የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1900 አሜሪካዊው ሐኪም ሰለሞን ሶሊስ ኮኸን ከዕጢው የተዘጋጀ መድኃኒት ለአስም ሕሙማን መስጠቱን አስታወቀ። በ1901 ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ አድሬናሊንን ለይቶ ማውጣቱን ገለጸ፤ በ1903 ደግሞ ቡሎዋና ካፕላን አድሬናሊንን በመርፌ ሰጥተው አስምን ማስታገሣቸውን ጻፉ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የፈጠረው በ1906 ነው። መድኃኒቱ ከበሽታው ስም ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት የተገኘው ከዕጢው ውጫዊ ክፍል ነው። በ1948 ፊሊፕ ሄንች በማዮ ክሊኒክ ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ብግነት ሕመምተኛ ሰጥቶ አስደናቂ ለውጥ አየ፤ በ1950 ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋራ። ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ ለአስምና ለሌሎች የአለርጂ ሕመሞች ዋለ።

ደስታው ግን ሳይውል ሳያድር በሐዘን ተበረዘ። በ1952 ፍሬዘርና ባልደረቦቹ ለወራት ኮርቲዞን የወሰደ ሕመምተኛ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሾክ መሞቱንና አድሬናል ዕጢዎቹ መሟሸሻቸውን ዘገቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሆርሞኑ ከውጭ ሲሰጥ የፒቱታሪ ዕጢ አነቃቂ ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ አድሬናልም ሥራ ፈትቶ ይኮሰምናል። በ1972 ለአስም የቀረበው በትንፋሽ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ይህን ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ።

የዕጢው ሆርሞኖች አለርጂን ማስታገሣቸው አለርጂ ከዕጢው መድከም የሚመጣ ነው አያሰኝም፤ አብዛኞቹ የአለርጂ ሕሙማን ጤናማ አድሬናል ዕጢ አላቸው።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጤና ባለሙያ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አናፊላክሲስ ሲያጋጥም ቅድሚያ የሚሰጠው በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የኮርቲዞን ዘሮች ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጁ አይተኩትም። እነዚህን መድኃኒቶች ለሳምንታት የወሰደ ሕመምተኛም በድንገት ሊያቋርጣቸው አይገባም። ቀዶ ሕክምና ወይም ጽኑ ሕመም ሲገጥመው «ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደሃል?» ብሎ መጠየቅ ሕይወት ያድናል።