የሐኪሙ ቃል፣ የዳኛው ብይን

በዴንቨርና በአውሮራ ለምትገኙ አድማጮች የተዘጋጀው የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ሐኪሞችና ሕግ አውጪዎች ስለ ሌዝቢያኖች፣ ሴትን ስለሚያፈቅሩ ሴቶች፣ ምን ሲሉ እንደኖሩ ያወሳል። ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ የጤና ምርመራ አልፈናል፤ ደማችን ተቀድቷል፣ ሳንባችን ታይቷል። በአንድ ወቅት ግን ፍቅርም ከሚመረመረው በሽታ ጋር ተቆጥሯል። የአእምሮ ሐኪሙ ክራፍት-ኤቢንግ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከሕመም መደበው። የአሜሪካ ኮንግረስም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ፣ በ1952 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ «ባሕርያቸው የታወከ» ያላቸውን መጤዎች አገደ። የመንግሥት ሐኪም የፈረመባት ወረቀት ሰውን ከደጃፍ ትመልስ ነበር።

ይህን እምነት ካናጉት አንዷ እዚሁ ኮሎራዶ ያደገችው ኤቭሊን ሁከር ናት። ቦልደር በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። በ1957 ባወጣችው ጥናት፣ ዕውቅ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩና የማያፈቅሩ የሁለት ወገን ሰዎችን የሥነ ልቦና ፈተና አይተው ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አቃታቸው። የተጠኑት ወንዶች ቢሆኑም በእምነቱ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ለሴቶቹም ተረፈ። በ1973 የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታ መዝገብ ሰረዘው።

ሐኪሞቹ ቃላቸውን አረሙ፤ ኮንግረስ ግን የስደተኞቹን ክልከላ ያነሣው በ1990፣ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መሐል በ1975 ከቼኮዝሎቫኪያ ሸሽታ የመጣችው የቴኒስ ኮከብ ማርቲና ናቭራቲሎቫ፣ ዜግነቷን እስክታገኝ እስከ 1981 ድረስ ሴቶችን የማፍቀር ምሥጢሯ እንዳይወጣ ትሠጋ ነበር።

በ1992 የኮሎራዶ መራጮች በ53 በመቶ ድምፅ፣ ዴንቨር፣ ቦልደርና አስፐን ተመሳሳይ ፆታን ለሚያፈቅሩ ዜጎች የሰጡትን ከአድልዎ ከለላ የሚሽር የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። ማሻሻያውን ተቃውመው ከከሰሱት አንዷ ያቺው ናቭራቲሎቫ ነበረች። በኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ የነበሩት ጂን ዱቦፍስኪ ጉዳዩን በዋሽንግተን ተከራከሩ። ሜይ 20 ቀን 1996 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ማሻሻያውን ሻረው።

በአገራችን በኢትዮጵያ ግን የ2004ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ዛሬም በእስራት ይቀጣል፤ ሴቶችንም ይጨምራል። የዚህን ሕግ ፍርሃት ይዛ አውሮራ የደረሰች እኅት አለች። ልጃችን አንድ ቀን እውነቷን ስትነግረን «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» የሚለው ቃል ከአፋችን ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞቹ በ1973 መልሰውልናል፤ አልታመመችም። ከእኛ የምትፈልገው ማቀፍ ነው።