ራዲዮ ያሰማን፣ ሸክላ ያቆየልን

ውድ የዕድራችን አባላት፣ ዛሬ «የድሮ ዘፈን» እያልን በትዝታ የምንሰማው ሁሉ ባንድ ወቅት እንግዳ ድምፅ ነበር። እንዴት ወደ ጆሯችን እንደገባና እንዴት እንደተረፈ ባጭሩ ልግለጥ።

አስመራ ላይ በ1945 ዓ.ም. በተደረገ ውል የጸና፣ ቃኘው የሚባል የአሜሪካ ጦር ሠፈር ነበር። ስሙ ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃችን የተወሰደ ነው። ሠፈሩ የራሱ ራዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ ለወታደሮቹ ተብሎ ጃዝና ሶል ያሰማ ነበር። ታዲያ የራዲዮ ሞገድ አጥር አያውቅምና የኛም ሙዚቀኞች እየሰሙ በጆሯቸው አጠኑት። አዲስ አበባም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በሳክስፎንና በትራምፔት ያገራችንን ቅኝት አዲስ መልክ ሰጡት፤ የኢትዮጵያ ራዲዮም አዳረሰው።

ይሁን እንጂ ራዲዮ ያሰማውን ነፋስ ይወስደዋል። ሸክላ ማሳተም ደግሞ በ1940 ዓ.ም. ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ስለነበር ለአዲሶቹ ወጣቶች በሩ ጠባብ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ግድም አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ባለ ሙዚቃ ቤት ድንጋጌውን ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ይገኛል፤ ያባታቸው ስም ቢገጥምም ወንድማማች አይደሉም። የታተመውም ሕንድ አገር ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ትናንሽና 12 ትላልቅ ሸክላዎች ወጡ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝም አለበት።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ጸጥ አለ። አምሃም አሜሪካ ገባ። የቃኘው ሠፈር በ1969 ዓ.ም. ተዘጋ። ሸክላው ግን አልሞተም። በ1990 ዓ.ም. ግድም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እትም ሲያወጣው ዓለም ሰማው። አምሃም ዓለማየሁም በ2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ነፍስ ይማር።

ወገኖቼ፣ ከአርባ በኋላ ቤት ሲጸዳ የሟች ሸክላና ካሴት ለቆራሌው ይሰጣል። ይህ ነገር ይቅር። በሐዋሳ ባህል አዳራሽም ወጣቶች ያልለመድነውን ዜማ ሲያሰሙ ጆሮ እንስጣቸው፤ የኛም እኮ እንዲሁ ነበር የጀመረው። ዕድራችን ሰውን በክብር ይቅበር፤ ድምፁን ግን አብረን አንቅበረው።