ማክሰኞና ቅዳሜ የሚዘጋ በር

ዛሬ ላካፍላችሁ የምወደው በእጃችሁ ስላለው መጽሐፍ ነው። ምናልባት ትራሳችሁ አጠገብ ይሆናል፤ ምናልባት በቦርሳችሁ ይዛችሁታል፤ ብዙዎቻችሁ ደግሞ በስልካችሁ ላይ ጭናችሁታል። በየቤታችን ስላለ ታትሞ ከሰማይ የወረደ ይመስለናል። አልወረደም እኮ! ቃሉ የእግዚአብሔር ነው፤ ወደ ቋንቋችን እንዲመጣ ግን ሰዎች ደክመውበታል። እስቲ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ አብረን እንይ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቃለን፤ እነርሱ ለመተርጎም የደከሙትን ያህል፣ እኛ ለማንበብ እንኳ እየደከምን ነው ወይ? (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የጎጃሙ ሽማግሌ

ሀገራችን የእግዚአብሔርን ቃል በግዕዝ ካገኘች ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗታል። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታዊ የወንጌል ብራናዎች መካከል ይቆጠራሉ። ይህ የሁላችን ቅርስ ነው፤ እኛም ልናመሰግንበት ይገባል። ነገር ግን ግዕዝ ከሕዝቡ አፍ ከወጣ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ሊቃውንቱ ትርጓሜውን በአማርኛ በቃል ያስተምሩ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በአማርኛ ተጽፎ በተራው ሰው እጅ አልገባም ነበር።

ታዲያ ሥራው የተጀመረው የት መሰላችሁ? ካይሮ ነው። በ1750 አካባቢ በጎጃም የተወለዱ፣ አብርሃም የሚባሉ፣ በታሪክ መጻሕፍት አቡ ሩሚ ተብለው የሚታወቁ ሰው ነበሩ። ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስንና ሕንድን ሳይቀር የዞሩ መንገደኛ ናቸው። በሽምግልናቸው ካይሮ ላይ ታመው ሳለ አስሊን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ረዳቸው፤ ከሞትም ተረፉ። ሰውየው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተማሪ ነበርና በእኚህ አባት ውስጥ ያለውን እውቀት አስተዋለ። በ1808 ሁለቱ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመሩ።

እንዴት እንደሠሩ ስሙ። ለ10 ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የቤቱ በር ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር። የቆንስላ ሹም ቤት እኮ ነው! ስንት ጉዳይ ያለው ሰው ይመላለስበታል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ግን ማንም አይገባም። ፈረንሳዊው የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብሎ ያነባል፤ አቡ ሩሚ በአማርኛ ያስቀምጡታል። ከበድ ያለ ወይም ግልጽ ያልሆነ ቃል ሲገጥማቸው የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና የግሪኩን ሰባ ሊቃናት ያመሳክራሉ፤ መዝገበ ቃላትና የማብራሪያ መጻሕፍትም ይገልጣሉ። አንዱን መጽሐፍ ሲጨርሱ ወደ ሌላው ከማለፋቸው በፊት መልሰው ያስተያዩታል።

በ10 ዓመት ውስጥ 9,539 ገጽ በእጅ ተጻፈ። አቡ ሩሚ ሥራው ካለቀ በኋላ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ካይሮ ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ በወረርሽኝ ሞቱ። አንድም ገጽ ታትሞ አላዩም። በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል አገልጋይ ጽሑፉን በ1,250 ፓውንድ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 ታተመ። ከዚያ በኋላ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ታርሟል። መንገዱ የተጠረገው ግን በዚያች በተዘጋች ክፍል ውስጥ ነው።

«መንፈስ ቅዱስ ያስተምረኛል» ለሚሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ በጴንጤዎቹ መካከል «እኔ የሰው መጽሐፍ አያስፈልገኝም፤ መንፈስ ቅዱስ ራሱ ያስተምረኛል» የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ ይሰማል። መንፈስ ቅዱስ ያስተምራል፤ አሜን! ነገር ግን የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲወለድ ጠረጴዛው ላይ የማብራሪያ መጻሕፍት ተዘርግተው ነበር። በሰው ድካም የመጣልንን መጽሐፍ ይዘን የሰውን ድካም ብንንቅ ያምርብናል?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አስቡ። የኢትዮጵያው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነው፤ አልገባውም። መንፈስ ቅዱስ በዚያ ነበር፤ በቀጥታ ሊያብራራለት ይችል ነበር። ያደረገው ግን ሌላ ነው፤ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው እንዲጠጋ ላከው። መንፈስ ቅዱስ አስተማሪ ላከ ማለት ነው። ጃንደረባውም «እኔ ራሴ እረዳዋለሁ» አላለም፤ አጠገቡ አስቀመጠው። ጥሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ መጽሐፍ ማለት ሠረገላችሁ ላይ የሚወጣ ፊልጶስ ማለት ነው። ጳውሎስም እስር ቤት ሆኖ፣ የሚሞትበት ጊዜ እንደቀረበ እያወቀ፣ ለጢሞቴዎስ መጻሕፍቱንና ብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጻፈለት። ሦስተኛ ሰማይ ድረስ የተነጠቀ ሰው መጽሐፍ አምጡልኝ አለ!

ተሸጠው የነበሩት ተርጓሚዎች

ሁለተኛው ታሪክ ከኢሉባቦር ይጀምራል። በ1856 አካባቢ ሂካ የሚባል የኦሮሞ ልጅ ተወለደ። ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና በልጅነቱ ሰው ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሽጦ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ነጻ ወጥቶ ለስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ተሰጠ፤ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙን ከየት እንዳገኘ የፊልሞናን መልእክት ያነበበ ያውቃል።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በስዊድን ሀገር ተምሮ ተመለሰ። ልቡ ወለጋ ነበር፤ በተደጋጋሚ ሊሄድ ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋበት። ታዲያ መንገድ ሲዘጋ ምን አደረገ? ተቀምጦ የእግዚአብሔርን ቃል ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ተረጎመ። ግን አንድ ችግር ነበረበት፤ ከሀገሩ በልጅነቱ ስለተወሰደ የቋንቋው ጥልቀት ይጎድለው ነበር። እግዚአብሔር ለዚህም ሰው አዘጋጅቶ ነበር። አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት እርሷም እንደ እርሱ ለባርነት የተሸጠች ናት፤ በ1886 ወደ ዐረብ ሀገር ከሚወስዳት መርከብ ላይ ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ ወደሚገኘው የእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ቋንቋዋ የጠራ ነበር። የቃላት ስብስብ አዘጋጀች፤ በትርጉሙም ሥራ ብዙ ደከመች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል፣ በአፋን ኦሮሞ ታተመ። የኦኔሲሞስን ስም ብዙ ሰው ያውቃል፤ የአስቴር ስም ግን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። ጌታ ግን አልረሳትም። እህቶቼ፣ ይህን አስተውሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1894፣ ሁለቱ አንድ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ሰብስበው ፊደል አስቆጠሩበት። ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ ቅዱስ መስጠት ብቻ እንደማይበቃ ገብቷቸው ነበር። በ1904 ወለጋ ሲገቡም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አስተማሩ። ዛሬ በጉባኤያችን ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ። እልል እያሉ ያመልካሉ፤ መጽሐፉን ግን ከሰው አፍ ብቻ ነው የሚያውቁት። ማነው አጠገባቸው ተቀምጦ ፊደል የሚያስቆጥራቸው?

አንድ ወንጌል የያዙ ሰዎች

ሦስተኛውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1937 በጣልያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። በቋንቋቸው በእጃቸው የነበረው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ጥቅሶች ናቸው። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ጠበቋቸው። 16 ምዕራፍ ያላትን አንዲት ወንጌል እስኪበቃቸው አነበቡ፣ ጸለዩ፣ ለጎረቤት ተናገሩ። እኛ 66ቱንም ይዘን ምን ሠራን?

እኛስ ዛሬ?

ወገኖቼ፣ ይህን ያነሣሁት ታሪክ ለማሳመር አይደለም። ልቤን የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። «ፓስተር፣ ቃል አለህ ወይ? ጌታ ስለ እኔ ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። «ፓስተር፣ ይህ ክፍል ምን ማለት ነው?» የሚሉ ግን ጥቂት ናቸው። መጽሐፉን ያልያዘ ሕዝብ ለማንም ይመቻል። አንዱ ተነሥቶ ከአንድ ቁጥር ግማሹን ቆርጦ ያነብለታል፤ አሜን ይላል። ዘይትና ውኃ ይሸጥለታል፤ ይገዛል። ቤቱን የሸጠ፣ ትዳሩን የፈታ፣ መድኃኒቱን የጣለ ሰው በመካከላችን አለ። ያልተነበበ መጽሐፍ ቅዱስ ዋጋው ይህ ነው።

ጸሎትስ? ስለ ጸሎት የተጻፉ መጻሕፍት ዛሬ ሞልተዋል። አንብቡ፤ እኔም አነባለሁ። ግን መዝኑ። በደቡብ አፍሪካ ያገለገለው አንድሩ መሪ በ1885 በጻፈው የጸሎት ትምህርት ቤት መጽሐፉ 31 ትምህርቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይነሣና በጸሎት ያበቃል። ጥሩ የጸሎት መጽሐፍ እንዲህ ነው፤ በቃሉ ይጀምርና ያንበረክካችኋል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። አንደኛ፣ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይልከኛል ወይስ ያስቀረኛል? ሁለተኛ፣ የጠቀሰውን ጥቅስ ከፍቼ ከላይና ከታች ሳነብ እርሱ ያለውን ይላል ወይ? ሦስተኛ፣ ወደ አባቴ ፊት ያቀርበኛል ወይስ እንደ መተት የምደጋግመው ቃል ይሰጠኛል?

ዳንኤልን ተመልከቱ። በምዕራፍ 9 ላይ ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስ የተነገረውን ዓመት ቁጥር ያስተዋለው ከመጻሕፍት ነው፤ የኤርምያስን አንብቦ። ራእይ የሚያይ ነቢይ እኮ ነው! አንብቦ ሲረዳ ነው በጾምና በማቅ ለጸሎት የተነሣው። የዚያ ሁሉ ጸሎት ማገዶ ንባብ ነበር። ጸሎታችን ቶሎ የሚያልቅብን፣ አንዱን ቃል የምንመላልሰው፣ ማገዶ ስላልጨመርንበት ይሆን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? የማትችሉትን አላዝዛችሁም። በሳምንት ሁለት ቀን ምረጡ። ማክሰኞና ቅዳሜ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሥራችሁ ካልፈቀደ ሌላ ቀን ይሁን። አንድ ሰዓት በቂ ነው። በሩን ዝጉ፤ ስልኩን አጥፉ፤ በስልክ የምታነቡም ከሆነ መልእክቱን ዝጉት። አንድ መጽሐፍ ያዙ፤ ማርቆስ ይሁን። የ1954 ዓ.ም.ን ትርጉምና አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነት ስታዩ አትደንግጡ፤ አቡ ሩሚም አራት ቋንቋ እያመሳከሩ ነው የሠሩት። ያልገባችሁን በደብተር ጻፉ፤ ማብራሪያ ያለው ወንድም ጠይቁ፤ ለመጋቢያችሁም አምጡለት፣ ደስ ይለዋል። በመጨረሻ ያነበባችሁትን መልሳችሁ ለእግዚአብሔር ጸልዩት። አጠገባችሁ ማንበብ የማይችል ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ካይሮ ላይ የተዘጋው በር 10 ዓመት ፈጅቶ ለአንድ ሕዝብ መጽሐፍ ከፈተ። የእናንተ የተዘጋ በር ደግሞ ለቤታችሁ ምን እንደሚከፍት ጌታ ያውቃል።

እንጸልይ። አባታችን ሆይ፣ ቃልህን በምንሰማው ቋንቋ ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ስለደከሙት፣ ስማቸው ስለተረሳውም እናመሰግንሃለን። ያልከፈትነውን እንድንከፍት፣ የከፈትነውን እንድናስተውል፣ ያስተዋልነውን እንድንኖር በመንፈስህ እርዳን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።