ጓርኒሲዮን በመቱ

እስኪ አስቡት፤ ጀርባዋ ላይ መኝታና ማድቤት የተሠራላት አሮጌ ኤንትሬ መቱ ውስጥ ጋራዥ ገብታለች። ውኃ ታፈሳለች። መካኒኩ ምን ይላል? «ፖምፓው አየር ስቧል፣ ጓርኒሲዮኑ አልቋል፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ!» ጎበዝ፣ ዕቃው ሁሉ የጣልያን ስም ነው። ኤንትሬ ራሷ «ኤን ሦስት» ማለት ናት፤ ፊያት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ካወጣው 682 የጭነት መኪና ወገን።

የኢሉባቦር በር ግን ድሮ ወደ ሱዳን ነበር። በ1894 ዓ.ም. ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው። የጎሬ ቡና በእንስሳት ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ካርቱም ይገባል። በ1928 ጃንሆይ ሲሰደዱ መንግሥቱ በእንደራሴው በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እጅ ጎሬ ላይ ቆየ። ጎሬንም ጣልያን ኅዳር 1929 ያዛት። በ1933 ተባሮ ሄደ፤ ቋንቋው ግን መፍቻ ሳጥን ውስጥ ቀረ፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ፊያቶችም አደሱት።

አሁን አሮጌ መኪና ማደስ ማለት የነበረውን ጠራርጎ ፕላስቲክ መግጠም እየሆነ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም! የዛገ ቱቦና በእርሳስ የተበየደ መገጣጠሚያ ይውጣ፣ የሚጠጣ ውኃ ነው። የእጅ መታጠቢያውን የናስ መክፈቻ ግን ለምን ትጥሉታላችሁ? ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ስላለቀች ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ መተካት ይቻላል። ካላማዳሪም፣ ይቅርታ፣ ጣልያንኛ ነው።